ሁለቱን ጥዶች ለይቶ ማወቅ

በደጋና በወይና ደጋ ከተሞቻችን፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በመሥሪያ ቤት ደጃፍና በመንገድ ዳር ጥላ ከሚሰጡን ዛፎች አንዱ ጥድ ነው። «ጥድ የሚባለውን ዛፍ ታውቃላችሁ?» ተብሎ ቢጠየቅ «አላውቅም» የሚል ተማሪ የሚገኝ አይመስልም። ነገር ግን ጥያቄውን ጠበቅ አድርገን «የትኛውን ጥድ?» ብንል ብዙዎቻችን እናመነታለን። ምክንያቱም በዚህ በአንድ ስም የሚጠሩት ዛፎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከጥንት ጀምሮ በአገራችን ተራሮች ላይ በቅሎ የኖረው የሐበሻ ጥድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሩቅ አገር መጥቶ የተተከለው የፈረንጅ ጥድ ነው። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በጠባይና በጥቅም ግን ይለያያሉ።

በዚህ ምንባብ ሁለቱ ዛፎች በምን በምን እንደሚለዩ፣ የሐበሻው ጥድ ለአካባቢው የሚሰጠው ጥቅም ምን እንደሆነ፣ ልዩነቱን ማወቅስ ለምን እንደሚያስፈልግ እንመለከታለን። ለማስረጃነት በተለይ የምንጠቅሰው ስፍራም በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል የሚገኘው የግሸን አምባ ነው።

ስማቸውና የትውልድ አገራቸው

የሐበሻ ጥድ በትግርኛ ጽሕዲ፣ በኦሮምኛ ሂንዴሳ ይባላል። የሳይንስ ሰዎች ያወጡለት ስም ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ሲሆን፣ «ፕሮሴራ» የሚለው የላቲን ቃል «ረጅም» ማለት ነው። ይህም ስም በእውነት ይገባዋል፤ አፈርና ዝናብ በተስማማው ስፍራ እስከ 40 ሜትር ድረስ ያድጋልና። በተፈጥሮ የሚበቅለውም ከዓረብ ልሳነ ምድር ደቡብ ምዕራብ ተራሮች ጀምሮ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ እስከ ማላዊና ዚምባብዌ ባሉት ከፍተኛ ቦታዎች ነው። በአገራችን ይበልጥ የሚስማማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ያለው መሬት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም ከወይራ ጋር ጎን ለጎን በቅሎ ይገኛል።

የፈረንጅ ጥድ በሳይንስ ስሙ ኩፕረሰስ ሉሲታኒካ ይባላል። «ሉሲታኒካ» ማለት «የፖርቱጋል» ማለት ነው። ይሁን እንጂ ዛፉ የፖርቱጋል ተወላጅ አይደለም። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ፣ ጓቲማላና አካባቢያቸው ነው። አውሮፓውያን መጀመሪያ መርምረው ስም ያወጡለት በፖርቱጋል ተተክሎ ስላገኙት በዚያው ተጠርቶ ቀረ። ወደ አገራችን የመጣው ፈጥኖ ስለሚያድግና ግንዱ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ ለጣውላ እንዲያገለግል ነው። ዛሬ በየከተማው በመቀስ እየተስተካከለ የአጥር ቅጥያ ሆኖ የሚታየውም በአብዛኛው እርሱ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ በአንድ የዛፍ ቤተሰብ ውስጥ የሚመደቡ ዘመዳሞች ናቸው። ስለዚህ መመሳሰላቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

መለያ ምልክቶቻቸው

አንድን ዛፍ ለይቶ ለማወቅ በአንድ ምልክት ብቻ መተማመን ያሳስታል። ቅርጹን፣ ቅርፊቱን፣ ቅጠሉንና ፍሬውን በየተራ መመልከት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ቅርጹን እንመልከት። ሁለቱም በልጅነታቸው ከታች ሰፋ፣ ከላይ ሾጠጥ ያሉ ናቸው። የሐበሻው ጥድ ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ግን አናቱ ይሰፋል፤ ቅርንጫፎቹም ወደየአቅጣጫው ይዘረጋሉ። ያረጀ ጥድ ግንዱ ከሥሩ ላይ ሸንተረር እየሠራ ይወፍራል። ይህ ምልክት ግን ለሸመገለ ዛፍ እንጂ ለወጣት ዛፍ አያገለግልም።

ሁለተኛው ቅርፊቱ ነው። የሐበሻ ጥድ ቅርፊት ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ያለው፣ ስስና እንደ ልጥ በረጅሙ የሚላጥ ነው። የፈረንጁም ጥድ ቅርፊት ቀላ ያለና ከላይ ወደ ታች የተሰነጣጠቀ ስለሆነ፣ ቅርፊትን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ሊሳሳት ይችላል።

ሦስተኛው ቅጠሉ ነው። የሁለቱም ቅጠል በአካለ መጠን ሲደርሱ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ቀንበጡን የሚያለብስ ጥቃቅን ቅጠል ነው። በችግኝነታቸው ጊዜ ደግሞ የሁለቱም ቅጠል እንደ መርፌ የሾለ ነው። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛውና የማያሳስተው ምልክት ፍሬው ነው። የሐበሻ ጥድ ፍሬ አነስተኛ ነው፤ ከአንድ ሳንቲሜትር በታች ይሆናል። ክብ፣ ለስላሳና ሥጋ ያለው ነው። ሲበስል ወደ ጥቁርነት ያደላ ሰማያዊ መልክ ይይዛል፤ በላዩም ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጣ ያለ ሽፋን ይታያል። በጣት ቢጨመቅ ይፈርጣል፤ በውስጡም ጥቂት ጠንካራ ዘሮች ይገኛሉ። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ግን ከዚህ ተለቅ ያለ፣ እንደ እንጨት የጠጠረና በጣት የማይጨመቅ ነው። ላዩ ከስድስት እስከ ስምንት በሚሆኑ ክዳኖች ተገጣጥሞ የተዘጋ ነው። ሲደርቅ ክዳኖቹ ይከፈቱና ብዙ ደቃቅ ዘሮች ይረግፋሉ። ባዶው ፍሬ ግን በቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የሐበሻ ጥድ እንደ ሰው ወንድና ሴት አለው። ፍሬ የሚያፈራው ሴቷ ዛፍ ብቻ ስትሆን፣ ወንዱ በቀንበጦቹ ጫፍ ላይ ቢጫ የወንዴ ብናኝ የሚሰጡ ጥቃቅን እንቡጦች ያወጣል። የፈረንጁ ጥድ ግን የወንዴውንም የሴቴውንም ክፍል በአንድ ዛፍ ላይ ያበቅላል። ስለዚህ ፍሬ የሌለው የጎለመሰ ጥድ ብታገኙ በሥሩ ያለውን መሬት ፈልጉ። እንደ እንጨት የጠጠረ አሮጌ ፍሬ በላዩም በሥሩም ካላገኛችሁ ወንድ የሐበሻ ጥድ ሊሆን ይችላልና በአጠገቡ ያሉትን ዛፎች ደግሞ መርምሩ።

የጥድ ጥቅም ለአካባቢው

ጥድ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ ስለማይረግፍ በበጋም በክረምትም ጥላ አለው። የዛፍ ጥላ ከቤት ጥላ ይልቅ የሚቀዘቅዝበት ምክንያት ግን ፀሐይን መከለሉ ብቻ አይደለም። ዛፉ በሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ በኩል በትነት መልክ ያወጣዋል። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በእንስራ የተቀመጠ ውሃ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ላይ እንደ ላብ የሚወጣው ርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞት ስለሚሄድ እንደሆነ ሁሉ፣ የዛፍም ነገር እንዲሁ ነው። ከዚህም በላይ ጥቃቅኖቹ ቅጠሎቹ በከተማ መንገድ ላይ የሚነሣውን አቧራ ይዘው ያስቀራሉ። ዛፉ ሲያድግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ከአየር ወስዶ ከግንዱና ከሥሩ ጋር ያዋህዳል። የጥድ እንጨት ቶሎ የማይበሰብስ ስለሆነ ቆሞም ሆነ ምሰሶ ሆኖ ያንን ካርቦን ለረጅም ዘመን ይይዘዋል።

ሁለተኛው ጥቅም ለአፈርና ለውሃ ነው። ኃይለኛ ዝናብ በተራቆተ መሬት ላይ ሲወርድ እያንዳንዱ ጠብታ አፈሩን ይፈነቅለዋል፤ ጎርፉም ጠርጎ ይወስደዋል። በጥድ ላይ የወረደ ዝናብ ግን መጀመሪያ በቅርንጫፉ ላይ ያርፋል። ከዚያም ተንጠባጥቦ በሥሩ በተነጠፈው የረገፈ ቅጠል ላይ ይወርዳል። ይህ ንጣፍ ውሃውን እንደ ጨርቅ መጥጦ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ያሰርገዋል። ሥሩ አፈሩን ቆንጥጦ ይይዛል። ወደ መሬት የሰረገውም ውሃ ከታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ጉም በሚበዛባቸው ደጋማ ቦታዎች ደግሞ ጉሙ በቅጠሉ ላይ እየታሠረ ወደ ጠብታነት ይለወጥና መሬቱን ያረጥባል።

ሦስተኛው ጥቅም ለሌሎች ሕይወት ላላቸው ነገሮች ነው። ሥጋ ያለውን ፍሬውን ወፎች ይበሉታል። የበሉትንም ዘር በየስፍራው ይጥሉታል። ስለዚህ አንዲት ሴት ጥድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆማ ልጆቿን በሩቅ ሜዳና ገደል ላይ ልትዘራ ትችላለች። የፈረንጁ ጥድ ዘር ደረቅና ደቃቅ ስለሆነ ለወፍ ይህን የመሰለ ምግብ አይሆንም። ተጠጋግቶ በሚተከልበትም ጊዜ ጥላው ከባድ በመሆኑ በሥሩ የሚበቅለው ሣርና ቁጥቋጦ ጥቂት ነው።

ይህን ስንል ግን የፈረንጁን ጥድ ማጣጣላችን አይደለም። ፈጥኖ የሚደርስ ጣውላና ማገዶ በመስጠቱ የአገሩን ዛፍ ከምሳር ያድነዋል። እያንዳንዱን ዛፍ ለሚስማማው ሥራ ማዋል ይገባል ማለታችን ነው።

የግሸን አምባና የጥድ ሥራ

የአምባሰል ደጋ ለሐበሻ ጥድ የሚስማማ ምድር ነው። በዚህ ደጋ ላይ ያለው ግሸን፣ ደብረ ከርቤ እየተባለም የሚጠራው፣ ዙሪያውን በገደል የተከበበና አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ከጌታ መስቀል የተከፈለው ግማደ መስቀል በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ወደዚህ ስፍራ መጥቶ ተቀምጧል። በዚህም ምክንያት በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ምእመናን ከየአገሩ ተነሥተው ዳገቱን እየወጡ በዓሉን ያከብራሉ።

አምባ ከሌላው መሬት የሚለይበትን ነገር እስቲ አስቡ። በወንዝ ዳር ያለ እርሻ አፈሩ ቢሸረሸር ከላይ የወረደ ደለል ሊተካለት ይችላል። በተራራ ግርጌ ያለ መንደርም ውሃ ቢያንሰው ከተራራው የሚመነጭ ምንጭ ይደርስለታል። አምባ ግን ከበላዩ ሌላ ተራራ የለውም። አፈር የሚልክለት፣ ውሃ የሚያወርድለት ከፍተኛ ቦታ የለም። ያለው አፈር በላዩ ላይ የቀረው ብቻ ነው፤ የሚያገኘውም ውሃ በላዩ ላይ የዘነበው ብቻ ነው። በገደሉ አፋፍ አልፎ የወረደ አፈር ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ስፍራ የቆመ ጥድ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ አፈሩን የሚይዝ እጅ፣ ውሃውንም የሚያስቀር ጋን ነው።

ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ማገዶ ይፈለጋል፤ መሬቱም በእግር ብዛት ይጠቀጠቃል። የተጠቀጠቀ መሬት ውሃ ማስረግ ያቅተዋል፤ አዲስ ችግኝም በላዩ ላይ አይበቅልበትም። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሽማግሎቹ ዛፎች ቆመው ሲታዩ ደኑ ደኅና ይመስላል። ነገር ግን በሥራቸው ልጅ ከሌላቸው ያ ደን ወራሽ የሌለው ቤት ነው። ወደ ግሸንም ሆነ ወደ ሌላ ደብር የሚሄድ ተማሪ ረጃጅሞቹን ጥዶች ቀና ብሎ ካየ በኋላ ዝቅ ብሎ ችግኝ መኖር አለመኖሩን ቢመለከት፣ የደኑን የወደፊት ዕድል ሊያውቅ ይችላል።

ታሪክና ምርምር የሚያስተምሩን

ከግሸን ጋር ስማቸው የተያያዘው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጥድም ታሪክ ይነሣሉ። በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሡ የጥድ ዘር ከሰሜን ሸዋ ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው በወጨጫ ተራራ ላይ አስተክለዋል። ዛሬ የመናገሻ ሱባ ደን የሚባለው የዚያ ሥራ ፍሬ ነው ይባላል። ይህ ታሪክ የሚያስተምረን ደን በተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን በሰው አሳቢነትም እንደሚቆም ነው።

በተቃራኒው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። የእንጨት ችግርም ስለ ጠና በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የተገኘው ባሕር ዛፍ ገብቶ ተስፋፋ። ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አድኗታል። ሆኖም የጠፋውን ጥድ አልመለሰውም። አባቶች «ዛፍ በሌለበት አገር እንቧጮ አድባር ይሆናል» ሲሉ የተረቱት እንዲህ ያለውን ነገር ያስታውሰናል። የቀድሞውን ዛፍ የማያውቅ ትውልድ በቦታው የተተካውን ሁሉ ከጥንት የነበረ ይመስለዋል።

የአብያተ ክርስቲያናትን ደን በሚመለከት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር ያደረጉት ጥናት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የምርምር ሥራቸው በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች መኖራቸውን አሳይተዋል። አዲስ ችግኝ እንዳያድግ ከሚያደርጉት ምክንያቶችም ዋነኛው የከብት ግጦሽ መሆኑን ገልጸዋል። ከዚያ በኋላ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር በመተባበር አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ደናቸውን በድንጋይ ካብ እንዲያጥሩ ረድተዋል። ድንጋዩ ከአካባቢው እርሻ የተለቀመ ስለሆነ ገበሬው ማሳው ተጠረገለት፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ።

ሌላው ትምህርት የሚገኘው በትግራይና በአፋር መካከል ካለው ከደስአ ደን ነው። በዚያ ብዙ ጥድና ወይራ እንደ ቆሙ መድረቃቸውን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ስለዚህ ምሳር ባያርፍበት እንኳ ድርቅና የመሬት መራቆት ጥድን ሊያጠፉት እንደሚችሉ መዘንጋት አይገባም።

ጥድን እንዴት እንተካለን?

ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ተካዩ ትዕግሥት ሊኖረው ይገባል። መጀመሪያ ዘሩ ከሐበሻ ጥድ መሰብሰቡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ችግኙ አድጎ ከመታየቱ በፊት ሁለቱን ጥዶች ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ መተማመኛው የእናቲቱ ዛፍ ፍሬ ነው። የበሰለው ፍሬ ከተለቀመ በኋላ ሥጋው ታሽቶና ታጥቦ ዘሩ ይለያል። ከዚያም በችግኝ ጣቢያ ተዘርቶ፣ ጠንክሮ በክረምት መግቢያ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል። ችግኙ ብርሃን ስለሚወድ በትልልቅ ዛፎች ጥቅጥቅ ጥላ ሥር መተከል የለበትም። ከፍየልና ከከብት እንዲጠበቅም በእሾህ ወይም በድንጋይ ሊታጠር ይገባል።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በየክረምቱ ብዙ ችግኝ ሲተከል አይታችኋል፤ ምናልባትም ተክላችኋል። በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ «ስንት ተከልን?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ምን ተከልን? ስንቱስ ጸደቀ?» የሚሉት ጥያቄዎች አብረው ሊነሡ ይገባል። ለጣውላ የታሰበ መሬት ከሆነ የፈረንጁ ጥድ ይጠቅማል። የተራቆተ ዳገትን፣ የምንጭ ራስንና የደብርን ዙሪያ መልሶ ለማልበስ ግን የአገሩ ጥድ ከወይራና ከሌሎች የአካባቢው ዛፎች ጋር ቢተከል ይሻላል።

በጠቅላላው፣ ጥድ ማለት አንድ ዛፍ አይደለም። በጣት የሚጨመቅ ሰማያዊ ፍሬ ያለው የአገራችን ጥድ ነው፤ እንደ እንጨት የጠጠረ ፍሬ ያለው የእንግዳው ጥድ ነው። ይህን ትንሽ ልዩነት የሚያውቅ ሰው አንድ የሐበሻ ጥድ ተቆርጦ በምትኩ የፈረንጅ ጥድ ሲተከል «ጥድ በጥድ ተተካ» ብሎ አይታለልም። ምን እንደ ጠፋ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ሊጠብቀው ይችላል።

መልመጃ

ሀ. ከምንባቡ በመነሣት ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

1. ቅርፊትንና ቅጠልን ብቻ አይቶ ሁለቱን ጥዶች መለየት የማያስተማምነው ለምንድን ነው?
2. የዛፍ ጥላ ከእንስራ ውሃ ጋር የተነጻጸረው በምን ምክንያት ነው?
3. በአምባ ላይ የተሸረሸረ አፈር በወንዝ ዳር ከተሸረሸረው አፈር የበለጠ የሚያሳስበው ለምንድን ነው?
4. «ወራሽ የሌለው ቤት» የተባለው ምን ዓይነት ደን ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ካስተዋላችሁ በኋላ በዓረፍተ ነገር አግቡ።

ማመንታት፣ ሾጠጥ ያለ፣ ማስረግ፣ ተመናመነ፣ አፋፍ፣ ቆንጥጦ መያዝ

ሐ. በመኖሪያችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ አካባቢ ያለ አንድ የጥላ ዛፍ ምረጡ። ቅርጹን፣ ቅርፊቱን፣ ቅጠሉንና ፍሬውን በቅደም ተከተል የሚገልጽ፣ ከሚመስለውም ሌላ ዛፍ የሚለይበትን ምልክት የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።